ጓዳውም ዘምቶ ነበር፦ የ1928ቱ ጦርነት በወሎ፣ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን በ1928 ዓ.ም. ስለ ደረሰው የጣሊያን ወረራ ከወሎ ቤተሰቦች ትውስታና ጥያቄ እንዲላክልን ጠይቀን ነበር። የደረሱን ደብዳቤዎች ካሰብነው በላይ ብዙ ስለሆኑ ሁሉንም ማስተናገድ አልቻልንም፤ ጥቂቶቹን መርጠን መልስ ለመስጠት ሞክረናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የጻፉት ስለ ጦር ሜዳው ነው። እኔ ግን መልሱን ስጽፍ ደጋግሜ የተመለስሁት ወደ ጓዳው ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን የወሎ ዘማችና የወሎ ባላገር ሁለት የተለያዩ ሰዎች አልነበሩም። በሌላ አቆጣጠር መሆኑ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ አያቴ ማይጨው ዘምተው በሕይወት ከተመለሱት አንዱ ነበሩ። በአሮጌው ቤታችን ማገር ላይ እስከ ዛሬ የተሰቀለ አንድ የፍየል ቆዳ ስልቻ አለ፤ እናቴ «የአባቴ የዘመቻ ስልቻ ነውና እንዳትነኩት» ትለናለች። አንድ ወታደር ወደ ጦርነት ሲሄድ ስንቁን ከቤቱ ይዞ የሚወጣው መንግሥት ቀለብ ስለማይሰጠው ነበር ወይ? (ከሐይቅ)

መልስ፦ እናትዎ ስልቻውን ማስከበራቸው ደግ አድርገዋል፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ከጠመንጃው ይልቅ ስለ ዘመኑ ብዙ ይናገራል። ለጥያቄዎ መልሱ በአጭሩ አዎን ነው። ከክቡር ዘበኛ በቀር ደመወዝና የተደራጀ ቀለብ የነበረው ጦር እጅግ ጥቂት ነበር። የሚበዛው ዘማች በመሬት ሥሪት የታሰረ ሰው ነው፤ መሬቱን የያዘበት ግዴታ ነጋሪት በተጎሰመ ጊዜ መሣሪያውንና ስንቁን ይዞ በአለቃው ሥር እንዲሰለፍ ያስገድደዋል። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ሲሻገር በአዲስ አበባ የክተት ነጋሪት ተጎሰመ፤ ትእዛዙም ከአገረ ገዥ ወደ ምስለኔ፣ ከምስለኔ ወደ ጭቃ ሹም እየወረደ እያንዳንዱ ደጃፍ ደረሰ።

እዚህ ላይ ወሩን ልብ ይበሉልኝ። በመስከረም መጨረሻ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ማሽላውም አልደረሰም፤ ጎተራው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ሲበላለት የከረመ ስለሆነ ከሥሩ ሊጠረግ ተቃርቧል። ያ ስልቻ የሞላው እንግዲህ ከትርፍ አይደለም፤ ለልጆች ከቀረው ላይ ተቆንጥሮ ነው። ወንዱ ከወጣ በኋላ ደግሞ የኅዳሩን አጨዳ፣ የታኅሣሡን ውቂያ የሠሩት ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ናቸው። በደጋው የወሎ ክፍል በልግ የሚዘራ በመሆኑ፣ በየካቲትና በመጋቢት ሞፈር የሚጨብጥ ሰው መታጣቱ የሚቀጥለውን ዓመት እህል ጭምር ይነካል። በእኛ ቤት ሲነገር እንደ ሰማሁት የዚያን ዓመት በልግ ያረሱት ክንዳቸው ገና ያልጠነከረ ልጆች ነበሩ።

ስልቻው ውስጥ ምን ነበር ለሚለው፣ ከሁሉ በፊት በሶ ነው። ልጅ ሆኜ ሴት አያቴ ለመንገደኛ በሶ ሲያዘጋጁ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ገብሱን በሙቀጫ ይሸከሽኩታል፤ ገለባው ከተለየ በኋላ በምጣድ ላይ እያገላበጡ ያምሱታል፤ ቀለሙ ወደ ቡና ዓይነት ሲጠጋና ሽታው ቤቱን ሲሞላው ያወርዱታል፤ ከዚያ ጨው ጣል አድርገው ይፈጩታል። ሲጨርሱ ዱቄቱን በመዳፋቸው ላይ አድርገው ውሃ ጠብ ያደርጉበትና በሌላው እጃቸው አውራ ጣት አሽተው ያጎርሱኝ ነበር። «ይኸ እሳት አይጠይቅም» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ትርጉሙ አልገባኝም። ኋላ ስለ ጦርነቱ ሳነብ ግን አውሮፕላን የሚያንዣብብበት ዘማች እሳት ካነደደ ጭሱ የሰፈረበትን ቦታ እንደሚያሳብቅበት ተረዳሁ። ጭስ የሌለው ምግብ በዚያ ዓመት ነፍስ ያተርፍ ነበር። ከበሶው ሌላ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በርበሬና ጨው፣ ላለው ሰው ደግሞ ቋንጣና በቅቤ የታሸ ጭኮ ይታከልበታል።

ነገር ግን ስልቻው ሙሉ ቢሆን እንኳ አንድን ሰው ከአንድ ወር እምብዛም አያሻግርም። ከመስከረም 22 እስከ ማይጨው ውጊያ እስከ መጋቢት 22 ቀን ድረስ ልክ ስድስት ወር ነው። ለዚህ ነው ሴቶች አብረው የዘመቱት። አህያ ላይ ምጣድና ዱቄት ጭነው፣ አህያ የሌላት በጀርባዋ አዝላ፣ ከጦሩ ኋላ ተከትለው ማታ ማታ እየፈጩና እየጋገሩ፣ ውሃ እየቀዱ፣ ቁስለኛ እያጠቡ ሄደዋል። ሚስቱ ወይም እህቱ የተከተለችው ወታደር ሰው የሚበላውን ይበላል፤ ብቻውን የወጣው ግን በቆሎና በበሶ ይኖራል። የታሪክ ጸሐፊዎች ጦሩን ሲቆጥሩ እነዚህን ሴቶች አይቆጥሩም፤ እኔ ግን የዚያ ጦር የስንቅና ትጥቅ መምሪያ ማን ነበር ብባል እነርሱን እላለሁ። ስለዚህ እናትዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ ስልቻውን የሞላችው ማን ነበረች፤ የተሸከመችውስ?

ጥያቄ፦ ጃንሆይ ጦሩን ለመምራት ለምን ደሴን መረጡ? ከተማዋ በአውሮፕላን የተደበደበችበት ቀንስ ምን ሆነ? (ከደሴ)

መልስ፦ ደሴ የተመረጠችው በመንገዷ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ግድም የሚርቀው መንገድ መኪና ያስገባ ነበር፤ ከደሴ ወደ ሰሜን ግን መንገዱ ገና በሰው እጅ የሚጠረግ በመሆኑ፣ በመኪና የመጣው ሁሉ እዚያ ወርዶ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ይተላለፋል። ወደ ኮረምና ማይጨው፣ ወደ ዋድላና ደላንታ፣ በባቲ በኩል ወደ ቆላው የሚሄደው ሁሉ የሚለያየው ከዚያ ነው። በዚያ ላይ ወሎን ይገዙ የነበሩት አልጋ ወራሹ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ስለሆኑ ቤተ መንግሥትና አስተዳደር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ኅዳር 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ደሴ ወጡ።

ድብደባው የደረሰው ኅዳር 26 ቀን በጠዋት ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ስለዚህ ቀን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ የ1354 ዓመተ ሒጅራ ረመዳን የገባው በኅዳር 17 ግድም በመሆኑ የደሴ ሙስሊም ጾም ላይ ነበር፤ ክርስቲያኑም ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያትን ጾም ይዟል። ቦምቡ የወረደው ሁሉም በአንድነት በሚጾምበት፣ ለጁምዓ በሚዘጋጅበት ዓርብ ነው። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር በተደረደሩ የሣር ክዳን ቤቶች የተሞላች ስለነበረች የተጣሉት ተቀጣጣይ ቦምቦች ከፍንዳታው ይልቅ በእሳታቸው ጎዱ፤ አንዱ ቤት ሲነድ ነፋሱ ወደ ጎረቤቱ ያሻግረዋል። የቀይ መስቀል ምልክት በጉልህ የተሣለበት ሆስፒታልና በግቢው የተተከሉት ድንኳኖችም አልተረፉም። እዚያ የነበሩት የውጭ አገር ሐኪሞች ወዲያው ለመንግሥታት ማኅበር የተቃውሞ ቴሌግራም አስተላልፈዋል። ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ እንደ ተኮሱ በስፍራው የነበሩ ጋዜጠኞች የጻፉ ሲሆን፣ ከዚያ ሰሞን የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ይታያል።

ፎቶግራፉ ስለ ንጉሡ ይናገራል፤ ስለ ከተማው ሰው ግን አይናገርም። ከቤተሰቤ የሰማሁት፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ጎህ ሲቀድ ልጆቹን ይዞ ወደ ገደላገደሉና ወደ ቁጥቋጦው እንደሚወጣ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ነው። ነጭ ልብስ ከሩቅ ስለሚታይ ሴቶች ነጠላቸውን በጭቃና በቅጠል ያጠቁሩት ነበር። ከተማዋ ቀኗን ለአውሮፕላን ለቅቃ ሌሊት ሌሊት መኖር ጀመረች፦ እንጀራው በሌሊት ይጋገራል፤ ሬሳ በሌሊት ይቀበራል፤ ወደ ሰሜን የሚያልፈው ጦርም በሌሊት ያልፋል።

ጥያቄ፦ የአባቴ አጎት ከዘመቻ ከተመለሱ በኋላ ጫማ ማድረግ አይችሉም ነበር፤ እግራቸው በጠባሳ የተሸፈነ ነው። «ዝናብ ነው ያቃጠለኝ» ይሉ እንደነበር ይነገራል። ይህ ምን ማለት ነው? (ከቆቦ)

መልስ፦ ቃል በቃል እውነታቸውን ነበር። ጣሊያኖች ይፐሪት የተባለውን የመርዝ ጋዝ በሰሜን ግንባር መጣል የጀመሩት በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ በኩል ነው። ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ በጠባዩ ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ነው። መጀመሪያ በቦምብ ይጣል ነበር፤ ኋላ ከአውሮፕላን ላይ እንደ ካፊያ ይረጩት ጀመር። ክፋቱ ወዲያው አለማሳመሙ ነው፤ ሰውየው እርጥብ ሣር ረግጦ ያልፋል፣ ከወንዝ ይጠጣል፣ በቅሎውን ያጠጣል፤ ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል። ባዶ እግሩን የሚሄድ ሠራዊት ላይ ይህ መርዝ ምን እንደሚያደርግ የአጎትዎ እግር ይመሰክራል። ዓይኑን የነካውም ታውሯል።

ጣሊያን እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት የፈረመች አገር ነበረች። ድርጊቱን ግን ለስድሳ ዓመታት ያህል በይፋ ሳታምን ቆይታ፣ የመከላከያ ሚኒስቴሯ ያመነው በ1996 (እ.ኤ.አ.) ነው። አጎትዎ ይህን ሳይሰሙ አልፈው ይሆናል። ያሳዝነኛል።

በኋላ ዘመን የወሎ ጠቅላይ ግዛት አካል በነበረችው ኮረም፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሰፈሩበት አካባቢ፣ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ የነበረው ስዊሳዊው ሐኪም ማርሴል ዡኖ በመርዝ የተቃጠሉ ሰዎች ሜዳው ላይ ወድቀው «አቤት፣ አቤት» ሲሉ ሰምቷል፤ ቃሉንም በማስታወሻው ጽፎታል። ለእርሱ የርኅራኄ ልመና ነበር። ለእኛ ጆሮ ግን ከዚያ ያልፋል፤ «አቤት» ሰው ተበደልሁ ብሎ ዳኛ ፊት ሲቆም የሚለው ቃል ነው። እነዚያ ሰዎች ሕክምና ብቻ አልነበረም የጠየቁት፤ ክስ እያሰሙ ነበር። በዚያው ኮረም የእንግሊዝ የቀይ መስቀል ሐኪሞች ጣቢያ የካቲት 25 ቀን ተደብድቧል፤ የአረፋ በዓል ሰሞን ነበር።

ጥያቄ፦ ሽማግሌዎች «ውጅግራ» የሚሉት ምን ዓይነት ጠመንጃ ነው? (ከወልድያ)

መልስ፦ ስሙ የፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» በአማርኛ አፍ የተለወጠ ነው። በ1874 (እ.ኤ.አ.) የወጣ፣ አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። በጥቁር ባሩድ የሚተኮሰው ደግሞ ወፍራም ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ይህም ተኳሹን ያጋልጠዋል። ከስልሳ ዓመት በኋላ በመትረየስና በአውሮፕላን ፊት ይህንኑ ይዞ የወጣ ሰው ብዙ ነው። የተሻለው ምንሽር ነበር፤ እርሱንም ቢሆን ከጥይት ጋር አሟልቶ የያዘ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ከማይጨው የተመለሱ ዘማቾች በመንገድ ላይ በወገን ተጠቅተው ብዙ ሰው እንዳለቀ በቤታችን ይነገራል። ታሪኩ ሲነሣ ሰዎች ቶሎ ርእስ ይቀይራሉ። እውነት ነው? ለምንስ ሆነ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የከበደኝም ይኸው ነው። መጋቢት 22 ቀን የኢትዮጵያ ጦር ጎህ ሲቀድ ማጥቃት ጀመረ። ክቡር ዘበኛው አንዳንድ ምሽጎችን እስከ መያዝ ደርሶ ነበር፤ እስከ ምሽት ድረስ ከተዋጋ በኋላ ግን ጥይቱም ጉልበቱም አለቀ። ጣሊያኖች የእኛን የሬዲዮ መልእክት ጠልፈው ያነብቡ ስለነበር ጥቃቱን ተዘጋጅተው ነው የጠበቁት። ጦሩ ሲያፈገፍግ መጋቢት 26 ቀን በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ አውሮፕላኖች በቦምብና በመርዝ ወረዱበት። በዚያው መንገድ ከራያና ከአዘቦ የተነሡ ታጣቂዎች ከኋላና ከጎን እያጠቁ ብዙ ሰው ገድለዋል።

ጣሊያኖች ለእነዚህ ታጣቂዎች ጠመንጃና ማርያ ቴሬዛ ብር ማደላቸው የታወቀ ነው። ይህን ብቻ ተናግሮ ማቆም ግን ነገሩን ግማሽ ማድረግ ነው። ከወረራው ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ በዚያ አገር ዓመፅ ተነሥቶ በጦር ኃይል ተደቁሷል፤ ከመሃል አገር የዘመተው ሠራዊት ያሳደረው ቁስል ገና አልጠገገም ነበር። ቀደም ብዬ ያነሣሁትን የስልቻውን ስሌት እዚህ ያስታውሱልኝ፦ የአንድ ወር ስንቅ ይዞ ስድስት ወር የቆየ ጦር የቀረውን አምስት ወር የበላው ከሰፈረበት አገር ገበሬ ቤት ነው። ተሠሪ የሚባል ወታደር በቤቱ የተመደበበት ገበሬ አልጋውን ይለቅቃል፣ በጉን ያርዳል፣ ዘሩን ያስፈጫል፤ እምቢ ቢል ይገረፋል። ይህ ልማድ በየዘመቻው የኖረ ሲሆን ወሎም በሁለቱም ወገን ቀምሶታል፤ ተሠሪ ሆኖ የሄደም፣ ተሠሪ የመጣበትም አለ።

ይህን የምጽፈው ቁስለኛ በመንገድ ላይ መግደልን ለማስተባበል አይደለም፤ የሚያስተባብለው ነገር የለም። «ባንዳ» የምትለዋ አንዲት ቃል ግን የገበሬውን ጎተራ ማን እንዳራቆተው እንዳንጠይቅ አድርጋናለች፤ በቤትዎ ወሬው ሲነሣ ሰዎች ርእስ የሚቀይሩትም ከሁለቱም ወገን አያት ስላላቸው ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ በአምስቱ ዓመት ጣሊያን ሙስሊሙን እንደ ጠቀመና ክርስቲያኑን እንደ ጎዳ ይነገራል። በወሎ እንዴት ነበር? (ከከሚሴ)

መልስ፦ ጣሊያኖች ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ ለመነጠል መሞከራቸው እውነት ነው። መስጊድ አሠርተዋል፤ ለቃዲ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሰጥተዋል፤ ዐረብኛ በትምህርት ቤት እንዲገባ አድርገዋል። ለሙስሊሙ ይህ ከሰማይ የወረደ ስጦታ አልነበረም፤ አስቀድሞ ሊኖረው ይገባ የነበረ መብት በወራሪ እጅ ሲቀርብለት ነው ያየው። አንዳንዱ ተቀበለ፤ አንዳንዱ ተቀብሎም ጫካ ላሉት መረጃና ስንቅ ያቀብል ነበር። በወሎ ደግሞ አንዱ ወንድም ሲሰግድ ሌላው የሚቀድስበት፣ ተዝካርና ሰደቃ ጎረቤት የሚጠራሩበት ቤት ብዙ ስለሆነ መከፋፈሉ እንደ ታሰበው ቀላል አልሆነም። ዝናብ ሲጠፋ ወዳጃ ላይ ተሰብስቦ ዱዓ ሲያደርግ የኖረ ሰው በአንድ አዋጅ ጎረቤቱን አይጠላም። ባንዳም አርበኛም ከሁለቱም ሃይማኖት ወጥቷል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም።

የጣሊያን ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋ ያለ ውጊያ ነበር የተለቀቀችው። ማርሻል ባዶሊዮ በመኪና የሚጓዘውን ጦሩን ከዚያው አስነሥቶ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ የደሴ መልክ ተለወጠ፦ የድንጋይ ሕንፃ፣ ጋራዥ፣ ቡና ቤት፣ ወደ አሰብ የሚወርደው አዲስ መንገድ። መንገዱ ላይ የቀን ሥራ ተገኝቷል፤ ሰውም ሠርቷል። ደመወዙ በሊሬ ይከፈል እንጂ ባላገሩ ወረቀቱን አላመነም፤ በሬውን የሚሸጠው በማርያ ቴሬዛ ነበር፤ ጣሊያኖች በአዋጅ ቢከለክሉም ብሩ ከገበያ አልጠፋም። በዋግና በላስታ በኩል ደግሞ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. ክረምት ተነሥተው ተዋጉ፤ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ እንዲታይ ተደርጓል።

ደሴ ነፃ የወጣችው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድና አርበኞች የኮምቦልቻን መተላለፊያ በውጊያ ካስለቀቁ በኋላ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።

ጥያቄ፦ ሴት አያቴ ከማረፋቸው በፊት ስለ ጣሊያን ዘመን የነገሩኝን በካሴት ቀድቼ አስቀምጫለሁ፤ ቃላቸውን እንዳለ የጻፍሁትንና አማርኛውን አሻሽዬ ያዘጋጀሁትን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ችግሩ፣ አንድም ዓመተ ምሕረት አይጠቅሱም። «በመስቀል ማግስት»፣ «ረመዳን ላይ»፣ «ጎረቤቶቻችን ሁዳዴ ይዘው ሳለ» ነው የሚሉት። ይህን እንዴት አድርጌ ከታሪኩ ጋር ላገናኘው? አያቴ ሙስሊም ነበሩ። (ከወረኢሉ)

መልስ፦ አያትዎ ዓመተ ምሕረት አልጠቀሱም ማለት ቀን አልጠቀሱም ማለት አይደለም። እንዲያውም ከብዙ የተጻፈ ታሪክ ይልቅ ቀኑን በትክክል ነግረውዎታል፤ የሚያስፈልገው ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ወንዶቹ «በመስቀል ማግስት» ወጡ ካሉ፣ ነጋሪቱ የተጎሰመው መስቀል በዋለ በአምስተኛው ቀን ነውና ልክ ናቸው። «ረመዳን ላይ» አውሮፕላን መጣ ካሉ፣ ስለ ኅዳር 26ቱ የደሴ ድብደባ ወይም ስለዚያ ሰሞን እየተናገሩ ነው፤ ወረኢሉ ከደሴ እምብዛም ስለማትርቅ ሸሽቶ የመጣ ሰው አይተው ሊሆን ይችላል። የጦራችን ምሽግ የነበረው የአምባ አራዶም ተራራ የወደቀው የካቲት 7 ቀን ቅዳሜ፣ ማግስቱ የቅበላ እሑድ ሊሆን ሲል ነበር፤ ሁዳዴ የገባው የካቲት 9 ነው። ማይጨው ደግሞ በሁዳዴ እኩሌታ አልፎ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ተደረገ። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ፤ ጣሊያን በሦስተኛው ቀን ደሴ ገባ። ነፃነቱንም በዚሁ መንገድ ማስላት ይቻላል፦ በ1933 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር፤ ደሴ ነፃ የወጣችው በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ነው፤ የዚያ ዓመት መውሊድም በሚያዝያ መባቻ ስለዋለ አያትዎ «ከመውሊድ በኋላ» ብለው ከሆነ አይገረሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሙስሊሙ ወር በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ፣ «ረመዳን» የሚለው ቃል የትኛው ዓመት መሆኑን ከሌላ ነገር ጋር አስተያይተው ይወስኑ፤ አጠገቡ አጨዳ ወይም ውቂያ ከተነሣ 1928 ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታትም ረመዳን ኅዳርን ስለሚነካ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ካሴቱን ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ዲጂታል ድምፅ ያስገልብጡት፤ ክሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ይሄዳል። ወደ ጽሑፍ ሲገለብጡ አማርኛቸውን አያስተካክሉ፤ በደብዳቤዎ ላይ «የተሻሻለ» ያሉትን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ጋር ሳነጻጽር፣ አያትዎ የተናገሩት ሁሉ ከእርስዎ እርማት የተሻለ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

በተለይ በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ግልጽ ስላልሆነልኝ ትቼዋለሁ ያሉትን ዓረፍተ ነገር አይተዉት። «ሦስት ስልቻ ሰጠናቸው፤ አንዱ ተመለሰ» ነው ያሉት። ከእርሳቸው ቤት ስንት ወንድ እንደ ዘመተ ከዘመዶችዎ መካከል የሚያስታውስ ሰው ካለ ይጠይቁ፤ ስልቻውን ይዞ የተመለሰውም ማን እንደ ነበር።